ጀርባውን የሰጠ ወንበር

እናቴ ቃል የምታበዛ ሴት አይደለችም። ከተናገረች ግን ነገሯ ልብ ላይ ይቀራል። እዚህ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ውስጥ፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በምንኖርባት ባለ ሁለት መኝታ ቤት፣ አንድ ማለዳ ሶፋው ላይ እንደ ተቀመጠች የጸሎት መጽሐፏን ከደነችና እንዲህ አለችኝ፦

«ልጄ፣ አዲስ አበባ ሳለሁ ፊትህን በፎቶግራፍ አየው ነበር። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ግን የማየው ጀርባህን ነው።»

በዚያች ሰዓት ፊቴን ወደ መስኮቱ፣ ጀርባዬን ወደ እርሷና ወደ በሩ አድርጌ ኮምፒዩተሬ ላይ እጽፍ ነበር። ንግግሯን ሰማሁ፤ ነገር ግን አልዞርሁም። «እሺ እማዬ፣ ይህችን ገጽ ልጨርስ» አልኋት። ገጹ አለቀ፤ ሌላ ገጽ ተተካ፤ ነገሩም በዚያው ተረሳ። ውድ አንባቢያን፣ በኋላ እንዴት እንደ ዞርሁና ከቻይና የመጣ የቤት አደራደር ጥበብ በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ እንደ ነበረው ልንገራችሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላንሣው። የምተዳደረው ሰነዶችን ከእንግሊዝኛና ከኪስዋሂሊ ወደ አማርኛ በመተርጐም ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ኮቪድ-19 ኬንያ መግባቱ ተረጋግጦ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ እንደ ብዙው የናይሮቢ ሠራተኛ እኔም ቢሮዬን ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። «ለጥቂት ሳምንት ነው» ብዬ የጽሕፈት ጠረጴዛዬን ከሳሎኑ ምሥራቃዊ መስኮት ሥር አስጠጋሁ። መዛግብተ ቃላትና የፋይል ክምር የተሸከመው መደርደሪያ ሌላ ቦታ ቢታጣለት፣ ወደ በረንዳ በሚያስወጣው በር ላይ አቆምሁት። ጥቂት ሳምንት የተባለው ወራት፣ ወራቱም ዓመታት ሆኑ። እገዳው ተነሥቶ ከተማው ወደ ወትሮው ሲመለስ አሠሪዎቼ የቢሮ ኪራይ ስለ ቀረላቸው ደስ አላቸው፤ እኔም የማታቱ ግፊያ ስለ ቀረልኝ ደስ አለኝ፤ ጠረጴዛውም በዚያው ቀረ።

ያ የመስኮት ሥር ግን ባዶ ቦታ አልነበረም። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ከእኔ ጋር ልትኖር ስትመጣ፣ ሻንጣዋን ሳትፈታ የጠየቀችኝ «ምሥራቅ በየት በኩል ነው?» ብላ ነበር። የእመቤታችንን ሥዕል ከዚያ መስኮት አጠገብ ሰቀለች። ማለዳ ማለዳ ወደዚያ ዞራ ትጸልያለች፤ ከሰዓት በኋላ ረከቦቷን እዚያው ትዘረጋለች። ጠረጴዛዬ ሲመጣ አንዲት ቃል ሳትናገር ሥዕሏን ወደ መኝታ ክፍሏ፣ ረከቦቷን ወደ ወጥ ቤቱ ጥግ ወሰደች። ጐረቤት ይጠራበት የነበረው ቡና በሳምንት አንድ ቀን ሆነ። ኋላም ብቻዋን የምትጠጣው ሆነ። «ለዘመን መለወጫ አገሬ ልግባ» ማለት የጀመረችውም ያኔ ነው። ናፍቆት ነው ብዬ አለፍሁት።

በመግቢያው መተላለፊያ ደግሞ ሌላ ችግር ነበረ። የናይሮቢ ነዋሪ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የከተማይቱን ውኃ በብዛት የሚያቀርበው የንዳካይኒ ግድብ ቢሆንም ውኃው ለሕዝቡ ስለማይዳረስ በየሰፈሩ በተራ ይለቀቃል። ስለዚህ የቢጫ ጀሪካኖቻችን ረድፍ ከበሩ እስከ ሳሎኑ ይደርስ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ጐኑን አዙሮ እየተሸማቀቀ ነው የሚገባው። «ቤት ለእንግዳ!» እያልን በተግባር ግን «አትግባ» እንል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2022 የሐምሌ ወር አንድ ቀን ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ዋጋውን ጠየቀን። ሐምሌ በናይሮቢ ፀሐይ የምትሸሸግበት፣ ሰማዩ ለቀናት እንደ አመድ የሚሆንበት የብርድ ወር ነው። እናቴ ያን ዕለት ቅዳሜ ስለ ነበረ ቡናውን እንደ ቀድሞው በሳሎኑ ለማፍላት ፈለገች። ከሰል የተያያዘበትን ጂኮ ከወጥ ቤት አምጥታ ከሶፋው አጠገብ አኖረችው። ብርዱን ፈርታ መስኮቶቹን ዘጋች። የበረንዳው በር በመደርደሪያው ታግዷል። እኔ ማዳመጫ በጆሮዬ ሰክቼ፣ እንደ ወትሮዬ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ለሰኞ የሚደርስ ሰነድ እተረጉም ነበር። ራሴን ሲወጋኝ የሥራ ድካም መሰለኝ። ከዚያ ሲኒ ሲሰበር ሰማሁ።

ስዞር እናቴ ሶፋው ላይ ጐኗን ጥላ ነበር። ዓይኖቿ ተከፍተዋል፤ ነገር ግን አትመልስልኝም። ደግፌ ላወጣት ስሞክር የራሴም ጉልበት ከዳኝ። በመተላለፊያው ጀሪካን አደናቀፈኝ፤ ከውኃው ጋር ወደቅሁ። ጩኸቴን ሰምተው ፊት ለፊታችን የሚኖሩት አዛውንት ጐረቤታችን ከልጃቸው ጋር ደረሱልን። «ፖሌ፣ ፖሌ ሳና» እያሉ እናቴን ወደ ደረጃው አወጧት። ንጹሕ አየር ስታገኝ መጀመሪያ የተናገረችው «ጀበናው ይገነፍላል» የሚል ነበር።

ሐኪሙ በአጭሩ አስረዳን። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ንጥረ ነገር ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ስለ ሆነ፣ ሰው እየተነፈሰ አየር ያጣል። ጢሱ አልቆ ፍሙ ቢቀላም ጋዙ አይቀርም። «ሃያ ደቂቃ ብትዘገዩ» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። እኔ ግን እስከ ዛሬ እጨርሰዋለሁ።

በማግሥቱ ጐረቤታችን ሊጠይቁን መጡ። የዘራቸው ሐረግ ከጉጃራት ነው። እንደሚታወቀው የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞችን ከሕንድ አምጥቶ ነበር። አብዛኞቹ ቢመለሱም የቀሩትና ተከትለው የመጡት ነጋዴዎች በከተማይቱ ሥር ሰደዱ፤ ፓርክላንድስም ከዋና ሰፈሮቻቸው አንዱ ሆነ። እኒህ እናት በራቸው ላይ ቅጠል ይሰቅላሉ፤ ደፋቸውን በየማለዳው ይጠርጋሉ። ሳሎናችንን ቃኝተው ለእኔ በእንግሊዝኛ «ልጄ፣ ቤታችሁ ትንፋሽ አጥሮታል» አሉኝ። ሕንዶች ቫስቱ ሻስትራ የሚሉት የቤት አሠራር ጥበብ አላቸው፤ በእርሱ መሠረት የእሳት ስፍራው ደቡብ ምሥራቅ ሲሆን፣ ሰሜን ምሥራቁ ጥግ ደግሞ ለጸሎት ንጹሕና ክፍት ሆኖ ይጠበቃል። ወደ ጠረጴዛዬ በአገጫቸው እያመለከቱ «እዚህ ማን ይጸልያል?» ሲሉ ጠየቁ። እናቴ ቋንቋውን ባትሰማም ጥያቄው የገባት ይመስላል፤ አንገቷን ደፋች።

ስለ ቫስቱ የሚያስረዳ መጽሐፍ ልፈልግ ወደ መሐል ከተማ ወረድሁ። አሮጌ መጻሕፍት በጎዳና ላይ ከሚያነጥፉት ነጋዴዎች ዘንድ ያገኘሁት ግን የጐረቤቱን፣ የቻይናውን ፌንግ ሹይ የሚያስተምር ነበር። «ፌንግ» ነፋስ፣ «ሹይ» ውኃ ማለት ነው። ቁም ነገሩ ከብርቱ ነፋስ የተከለለ፣ ውኃም የማይርቀው ስፍራ መምረጥ ነው። ጥበቡ በመጀመሪያ ለሙታን ማረፊያም ለሕያዋን መኖሪያም ያገለግል ነበር፤ ከጥንታዊ መጻሕፍቱ አንዱ በ3ኛውና በ4ኛው መቶ ዓመት መካከል ለኖረው ለጉዎ ፑ የሚሰጠው ስለ መቃብር ስፍራ የተጻፈው ነው። ቻይናውያን «ቺ» የሚሉት የሕይወት እስትንፋስ በቤት ውስጥ ሳይታገድም ሳይበተንም መዘዋወር አለበት ብለው ያምናሉ። ይህን «ቺ» በመሣሪያ ለክቶ ያሳየ ሳይንስ የለም። ነገር ግን ከሐኪሙ ቤት በወጣሁ በሦስተኛው ቀን «እስትንፋስ የማይዘዋወርበት ቤት» የሚለውን ሳነብ ለመሳቅ አልደፈርሁም።

ከመጽሐፉ ምክሮች አንዱ ግን እንደ መስተዋት ሆነብኝ። የሚሠራ ሰው፣ ይላል ምክሩ፣ ከጀርባው ጽኑ ግድግዳ፣ ከፊቱ ክፍሉ ይኑረው፤ በሩን በቀጥታ ሳይጋፈጠው በአግድም ይየው፤ ማን እንደ ገባ፣ ማን እንደ ወጣ ይወቅ። ይህን ለእናቴ ብተረጕምላት «ይህን ለማወቅ ቻይና ድረስ ሄድህ?» አለችኝ። «አባትህ በሕይወት ዘመኑ ለሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ ያውቃል? በገበታ ላይ ለሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነው ብዬ አላሳደግሁህም?» እውነቷን ነው። ቻይናዊው ለደኅንነትና ለዕድል ያለውን፣ እናቴ ለክብር ብላ አስተምራኝ ነበር።

ለነገሩ መጽሐፉ ያለውን ሁሉ አልተቀበልሁም። ሳንቲም የጐረሰች ባለ ሦስት እግር እንቁራሪት ሐውልት ሀብት ትስባለች ይላል። እናቴ ሥዕሏን አይታ «እንቁራሪት ቤት ስትገባ እባብ አስከትላ ነው የማውቀው» ብላ ጉዳዩን ዘጋችው። አንድ የቤት ማስዋብ ሥራ የሚሠራ ሰውም መጥቶ ክፉ ኃይል የሚመልስ መስተዋትና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፏፏቴ እንድንገዛ መክሮን ነበር። ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን ደርቆ በሚውልበት ቤት ውኃ ለጌጥ ማፍሰስ ለፌንግ ሹይም ሳይቀር ነውር ይመስለኛል።

አቅጣጫውም ቢሆን እንዳለ የሚወሰድ አይደለም። የቻይና ቤት ወደ ደቡብ እንዲዞር የሚመከረው አገሩ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን የራቀ ስለ ሆነ ነው፤ ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች፤ ብርዱ ነፋስ ደግሞ ከሰሜን ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1420 ተሠርቶ የተጠናቀቀው የቤጂንግ ቤተ መንግሥት ፊቱን ወደ ደቡብ ያደረገ ሲሆን፣ ከጀርባው ጂንግሻን የተባለው ሰው ሠራሽ ኮረብታ ተከምሮለታል። ናይሮቢ ግን ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 1 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። እዚህ ፀሐይ ግማሹን ዓመት በሰሜን፣ ግማሹን ዓመት በደቡብ በኩል ታልፋለች፤ ነፋሱም በአብዛኛው ከምሥራቅ በኩል ይነፍሳል። ስለዚህ ለፓርክላንድስ ቤት የሚጠቅመው የቤጂንግን መልስ መቅዳት አይደለም፤ ቤጂንግ የጠየቀችውን ጥያቄ እንደ ገና መጠየቅ ነው። ነፋሱ ከየት ይገባል? ውኃው የት ይቀመጣል? ብርሃኑ በማን ፊት ላይ ያርፋል?

እነዚህ ጥያቄዎች ለእኛም እንግዳ አይደሉም። ንጉሥ ምኒልክ ከተማቸውን ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በእንጦጦ ተራራ ላይ ባደረጉ ጊዜ፣ ስፍራው ለጠላት የማይመች ቢሆንም ለኗሪውም አልተመቸም፤ ነፋሱና ብርዱ ብርቱ ነበር፤ ማገዶውም እየራቀ ሄደ። ጣይቱ ብጡል በ1879 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1886) ወደ ፍልውኃ ወርደው መልክዐ ምድሩን ቢወዱት ቤት አሠሩበት፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ተራራው በስተ ሰሜን ከጀርባ፣ ውኃው በስተ ደቡብ ከፊት ሆነ። የፌንግ ሹይ ሊቃውንት የሚያወድሱት አቀማመጥ ይኸው ነው፤ ነገር ግን ለጣይቱ ማንም የቻይና መጽሐፍ አላነበበላቸውም። ከነፋስ ሸሽተው ወደ ውኃ ወረዱ እንጂ። የናይሮቢ ስምም በማሳይ ቋንቋ «ቀዝቃዛ ውኃ» ከሚለው የመጣ ነው። የተሰደድነው ከፍል ውኃ ከተማ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ከተማ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ጐረቤቶቻችንን ረዳት አድርገን ቤቱን ገለበጥነው። መጽሐፉን የማነበው እኔ ብሆንም አዛዧ እናቴ ነበረች። ሥራው ከበሩ ተጀመረ። ጀሪካኖቹ ወደ ወጥ ቤቱና ወደ መታጠቢያ ቤቱ ተከፋፈሉ፤ መተላለፊያው እጅን ዘርግቶ የሚኬድበት ሆነ። ቀጥሎ መደርደሪያው ከበረንዳው በር ተነሣ። ከበስተጀርባው ግድግዳው በርጥበት ጠቍሮ፣ መዝገበ ቃላቴም ሻግቶ ተገኘ። በሩ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲከፈት ነፋሱ ከምሥራቁ መስኮት ገብቶ በበረንዳው ወጣ፤ መጋረጃው ተነሣና ወረደ። እናቴ «ተነፈሰ» አለች።

ጠረጴዛዬ በውስጠኛው ጥግ ሄዶ ጀርባው ግድግዳ ሆነ። አሁን ከተቀመጥሁበት በሩም፣ ሶፋውም፣ ወጥ ቤቱም ይታዩኛል። መስኮቱ በግራ ጐኔ ስለ ሆነ ብርሃኑ ወረቀቴ ላይ ያርፋል እንጂ በኮምፒዩተሩ መስተዋት ላይ አያንጸባርቅም፤ በቀኝ እጄ ስለምጽፍም ጥላዬ አይጋርደኝም። የዓይን ሐኪሞች በየ20 ደቂቃው ለ20 ሴኮንድ ያህል 6 ሜትር ርቆ ያለ ነገር መመልከት ዓይንን ያሳርፋል ይላሉ፤ እኔም በየጊዜው ቀና ብዬ ከበረንዳው ባሻገር ያለውን የጃካራንዳ ዛፍ አያለሁ፤ በጥቅምትና በኅዳር ሐምራዊ አበባ ይለብሳል። ሥራ ከመኖሪያ ስፍራ ይለይ የሚለውን ምክር ደግሞ በጠባብ ቤት እንዴት እንፈጽመው ብለን ተቸግረን ነበር። መፍትሔውን እናቴ አመጣች። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አሮጌ ነጠላዋን አምጥታ ኮምፒዩተሩን ትሸፍነዋለች። ነጠላው ከለበሰ በኋላ የሚከፍተው የለም፤ አሠሪዎቼም ይህን ለምደውታል።

ስለ ከሰሉ ቀላል ክርክር አልነበረም። ቡና ያለ ከሰል ቡና አይደለም ባይ ናት። በመጨረሻ ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ እንዲፈላ፣ ፍም የሚያስፈልገው ዕጣንም በረንዳው ላይ ብቻ እንዲጨስ ተስማማን። ይህን የሚያነቡ ወገኖቼ ሁሉ በብርድ ቀን ከሰል ቤት አስገብተው በር እንዳይዘጉ አደራ እላለሁ። ሌላው የጻፍሁት ቢረሳ ይህ አይረሳ።

የምሥራቁ መስኮት ሥር ለባለቤቱ ተመለሰ። በመጽሐፉ ሰሌዳ መሠረት ያ ጥግ የየትኛው ዕድል ስፍራ እንደ ሆነ ልፈልግ ስገልጥ፣ እናቴ ሥዕሏን ሰቅላ ጨርሳ ነበር። መጽሐፉን ከደንሁት።

«ታዲያ ምን ተገኘ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ሀብት አልተገኘም። የሥራው ብዛት እንደ ነበረ ነው፤ የቤት ኪራዩም ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የተገኘው ሌላ ነው። እናቴ ከክፍሏ ስትወጣ ቀና እላለሁ፤ ቀና ማለት ማዳመጫ እንደ መንቀል ነውና ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ትነግረኛለች። አባቴ በወጣትነቱ ምን ይመስል እንደ ነበረ፣ የመጀመሪያ ቤታቸውን ምሰሶ ከየት እንዳመጡት፣ ያልጠየቅኋትን ብዙ ነገር ሰማሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጐረቤታችን ጣፋጭ ይዘው ይመጣሉ፤ ሁለቱ እናቶች የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው እስከ በረካ ይቀመጣሉ።

ይሁንና ትኬቷን ቆርጣ ስለ ነበር ለ2015 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ አገሯ ገባች። እኔም ዕቃውን ያዛወርሁት ዘግይቶ ነው ብዬ ራሴን ወቀስሁ። ጥር መጨረሻ ላይ፣ ጥምቀትን ካከበረች በኋላ፣ ደውላ «ና ከአውሮፕላን ጣቢያ ተቀበለኝ» አለችኝ። ቤት ደርሰን ሻንጣዋን ስትፈታ በልብሶቿ መካከል አዲስ ረከቦት ተጠቅልሎ አየሁ። ምንም አላለችም። ወስዳ በምሥራቁ መስኮት ሥር አኖረችው፤ ከዚያም ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ ጠረጴዛዬ ጋ ያለሁትን እኔን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችኝ።

እኔም ተመለከትኋት። ያን ዕለት የሚደርስ ሥራ ነበረብኝ፤ ነጠላው ግን ከሰዓቱ በፊት ለበሰ።